የመሸበት እንግዳ

በግንቦት ማብቂያና በሰኔ መግቢያ 2011 ዓ.ም. አንድ የጉብኝት ዕቅድ የሰው መነጋገሪያ ሆነ። መቀመጫው ቺካጎ የሆነና ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጉዞ የሚያዘጋጅ ቶቶ ቱርስ የተባለ ድርጅት፣ በቀጣዩ ጥቅምት ደንበኞቹን ይዞ ኢትዮጵያን ሊጎበኝ አስቦ ነበር። ከመዳረሻዎቹ መካከል ባሕር ዳርና ላሊበላ ይገኙበታል። ወሬው እንደተሰማ አንድ የኦርቶዶክስ ማኅበራት ኅብረት መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቀ። በማኅበራዊ ሚዲያ ዛቻው በድርጅቱ ላይ ጎረፈ። ድርጅቱ በበኩሉ እንግዶቹ የሚመጡት በአክብሮት አገር ለማየት እንጂ ማንንም ለማስተማር እንዳልሆነ ተናገረ።

የዚያን ሰሞን ዘገባዎች ደጋግሜ አንብቤአለሁ። የአስጎብኚው ቃል አለ፣ የኅብረቱ ቃል አለ፣ ክርክሩን በድጋፍም በተቃውሞም ያራገቡት ድምፆች አሉ። የሌለው ባሕር ዳር ወይም ላሊበላ ተወልዶ ያደገና ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተው ኢትዮጵያዊ ቃል ነው። ጉዳዩ ስለ ባዕድ እንግዳ ብቻ የሆነ ይመስል፣ የቤቱ ልጅ አልተጠየቀም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ክፍተት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሚሄድ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያልፋል። ከአስፓልቱ ወጣ ባለው ገጠር፣ በሊበንም ሆነ በሌላው የምዕራብ ጎጃም ቀበሌ፣ የቆየ ሥርዓት አለ። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለውን ይቀምሳል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከየት መጣህ፣ ወዴትስ ትሄዳለህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከበላ በኋላ ነው። የቅደም ተከተሉ ነገር ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ ማስገባት፣ ከዚያ መጠየቅ።

በከተማው ይህን ሥራ የወረሰው ጠጅ ቤቱ ነው። ብርሌው ተሞልቶ ይቀርባል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ብብቱ ሥር አስገብቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራል። አዲስ ፊት ሲያይ ጠጋ ብሎ ስምና አገር ይጠይቅና ወዲያው በግጥም ያነሳዋል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት እሺ ብሎ ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ስንኙ ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ ወይም ሰሙ ለባልንጀራ፣ ወርቁ ለባለሥልጣን የሆነ ቅኔ፣ አዝማሪው መቀበል አለበት። ማንም ሰው በዚያ ቤት በሌላ ሰው አፍ መናገር ይችላል።

አዝማሪው ራሱ ግን በሙሉ ልብ የተቀበሉት ሰው አልነበረም። ሠርጉና ድግሱ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ልጅን ለእሱ መዳር ግን ነውር ነበር። አዝማሪዎች ሌላው እንዳይሰማቸው የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋ ማበጀታቸውም የሚገርም አይደለም። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ደግሞ የፋሺስት ኢጣሊያ ገዥ ግራዚያኒ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ለሮም በላከው ቴሌግራም፣ ዘፋኝ ተራኪዎችን ከጠንቋዮችና ከባለ ራእዮች ጋር አንድ ላይ ፈርጆ እንዲታሰሩና እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታውቋል። የፋሺስት ጦር ከጠመንጃ እኩል የፈራው የአዝማሪን ስንኝ ነበር።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ሌሊት ሰፋ። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ በመጠጥ ቤቶቹና በሴቶቹ ዝነኛ ሆነ፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለዚያ ሰፈር ነው። ውቤ በረሃን ያቆሙት በአብዛኛው ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ቤቱን የከፈቱት፣ ጠጁን የጣሉት፣ ሰካራሙን ያስተኙት እነሱ ሆነው ሳለ በታሪክ ስማቸው የሚጠራው የጥቂቶች ብቻ ነው። የሙዚቃው ወገን የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ማንም አላሰረውም። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን አገር ጥሎ ወጣ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ሰዓቱ ከፍ ዝቅ እያለ ዘመኑን ሙሉ ዘለቀ። ሆቴሎችና ክበቦች አንድ ዘዴ አገኙ፦ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ከውስጥ መቆለፍ። ገብቶ የተገኘ እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ውጭ የቀረ ውጭ ይቀራል። በግድ የተጨፈረ ዳንስ ያምራል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል፤ የዘመኑ ሰዎች ግን ስለ እነዚያ ሌሊቶች ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል።

ሕጉ ሌላ በር ነው። ፍትሐ ነገሥት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያወግዝ ነበር፤ በዘመናዊ ሕግ የገባው ግን በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ነው። የዚያን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። የሚደንቀው፣ የአገራቸው የስዊዘርላንድ ሕግ በአዋቂዎች መካከል በስምምነት የሚፈጸመውን እንዲህ ያለ ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ መቅጣት ትቶ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ክልከላውን አጸናው፦ ቀላል እስራት፣ ማባባሻ ሲኖር እስከ ጽኑ እስራት። በ2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ተርታ ሊያስገባ የነበረ ረቂቅ ቀርቦ ተተወ፤ በሚያዝያ በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ላይ ሊደረግ የታሰበው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰረዘ።

የሕግ ክልከላ መቅረቱ ብቻውን በር እንደማይከፍት ለማየት እዚህ ላይ ወደ ብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ልሻገር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ከቦሌ ወደ እሷ ስለሚበር፣ ሩቅ የምትመስለው ከተማ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ብራዚል ይህን ክልከላ ከወንጀል ሕጓ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ሕጉ ቢወጣም ፖሊሱ አልወጣም። በወታደራዊው አገዛዝ የመጨረሻ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የከተማዋ ፖሊስ የመሐል ከተማውን ሌሊት እያሰሰ ሰዎችን በጅምላ ያፍስ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን ተቃዋሚዎች ከማዘጋጃ ቤቱ ቴአትር ደረጃ ላይ ተሰብስበው ሰልፍ ወጡ። ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን የፌሮስ ባር ነገር ነው። የቤቱ ደንበኞች የነበሩ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሴቶች በእጃቸው ያዘጋጁትን መጽሔት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ይሸጡ ነበር፤ ባለቤቱ አስወጣቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1983 ተመልሰው መጡ፣ በረኛው ሊያግዳቸው ቢሞክርም ገቡ፣ መግለጫቸውን ቤቱ ውስጥ ቆመው አነበቡ። ባለቤቱ መጽሔቱ እንዲሸጥ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1997 በፓውሊስታ ጎዳና የተጀመረውና ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የሚባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሰልፍ እንዲህ ካሉ ትንንሽ በሮች በኋላ የመጣ ነው። ጎብኚዎች የሚያደንቁት የሳኦ ፓውሎ ሌሊት ከሰማይ አልወረደም፤ በዚያች አገር ግድያና ጥቃቱም እስከ ዛሬ አልቆመም።

የቶቶ ቱርስ ውዝግብ እዚህ በጋለበት በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የሚፈጸም ጥላቻ በዘረኝነት ሕግ እንዲቀጣ ወሰነ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በእኛ አገር ሁለት የሌሊት ዜናዎች ተገጣጠሙ። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው የሰላምና ጸጥታ ቢሮ፣ ከሕዝብ በደረሰ ጥቆማ፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ነበርና ባሕር ዳርን ጨምሮ በከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። ፍኖተ ሰላም በዚያው ወር በደረሰባት የአየር ጥቃት የብዙ ሰው ሕይወት አጣች። ከዚያ ወዲህ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ መጣራትን፣ ባለቤቱም ተነስቶ መክፈትን ፈሩ።

ተመራማሪው ጌትነት ታደለ በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችን ቀርበው አነጋግረው፣ በፍርሃትና በድብቅ ስለሚመሩት ሕይወት እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አሳትመዋል። በቶቶ ቱርስ ውዝግብ ያጣሁት ድምፅ በከፊል እዚያ ውስጥ አለ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት፣ ከዓመታት በፊት በየዘገባው የታተመ አንድ ቃል አላቸው፦ ዜጋ። አዝማሪዎቹ ለምስጢራቸው ሌላው የማያውቀውን ቃል ፈጠሩ። እነዚህ ግን ከሕገ መንግሥቱ መዝገብ ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ነው የመረጡት።

በጠጅ ቤቱ አዝማሪው አሁንም አዲስ ሰው ሲያይ ይጠጋል። «ስምዎን ማን ልበል? አገርዎስ?» ይላል። እንግዳው የፈለገውን ስም ይሰጠዋል። አዝማሪው መታወቂያ አያይም፤ ማሲንቆውን ቃኝቶ የተነገረውን ስም ተቀብሎ ያዜማል።