ሊቀመንበሩና የገንዘብ ሣጥኑ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 መሬት በማከፋፈል ብቻ አልተወሰነም። ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ስፋት ባለው ክልል የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መሬቱንም ራሳቸው እንዲደለድሉ ሥልጣን ሰጠ። ትናንት የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ የነበረው ጭሰኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊቀመንበር፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶ፣ ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት ተባብረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲመሠርቱ ፈቀደ። ሱቁ፣ ወፍጮው፣ መጋዘኑ በዚሁ ሥር ተቋቋሙ።

ይሁንና መዝገቡን ማን ይያዝ? አገር አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው፤ ሣጥኑ ግን ከፊደሉ ዓመታት ቀድሞ ደርሶ ነበር። በእድገት በኅብረት የዘመቱት ተማሪዎች ቃለ ጉባኤ ጽፈው፣ አባላት መዝግበው ተመለሱ። ከእነርሱ በኋላ ብዕሩ ማንበብ በሚችሉ ጥቂቶች እጅ ቀረ፤ መዝገቡን ማንበብ የማይችል አባልም ሊቆጣጠራቸው አልቻለም።

ገበሬው የጋራ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ዕድርም ዕቁብም ዳኛና ጸሐፊ አላቸው። የዕቁብ ገንዘብ ግን በተሰበሰበበት ዕለት ለባለ ዕጣው በዋስ ይሰጣል፤ ሣጥን ውስጥ አያድርም። የማኅበሩ ሱቅ ገንዘብ ግን ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። የጎደለው ተሰርቆ ይሁን ተበላሽቶ፣ ወይስ በዱቤ ወጥቶ፣ ያለ ቆጠራ አይታወቅም። ቆጠራ ደግሞ ሙያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ኮታው ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚፈልገው እህል ከላይ ተተምኖ ይወርዳል፤ ሊቀመንበሩ በየአባወራው ይደለድላል። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ስለነበር፣ ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ሸምቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። ግብር የሚሰበስበውም ያው ማኅበር ነው። ተውኔት ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ አጥብቆ ይፈልጋል፤ የመረጡት ጎረቤቶቹ፣ የሚጠይቁት የበላይ አካላት፣ ደመወዝ የለው፣ የራሱ ማሳ ጾም የሚያድር። ከመካከላቸው ሐቀኞች ነበሩ፤ ጎረቤቱን በኮታ የተበቀለም አልጠፋም። ሁለቱንም የሾማቸው አንድ ወንበር ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ አብዛኞቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራቱ መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ። አባላቱ ንብረቱን የእኔ ብለው ቢያምኑ ኖሮ በር ላይ ይቆሙለት ነበር። 

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃደኝነት፣ ድምፅን ለእያንዳንዱ አባል አንድ አድርጎ፣ ሒሳብ እንዲመረመር፣ ትርፍም ለአባላት እንዲከፋፈል ደነገገ። መዝገቡ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደሆነ ግን የሚያውቁት ከዛፉ ሥር የተሰበሰቡት አባላት ናቸው።