ከሟች ቤት ስለሚገኝ የድሮ ሳንጃ



እድራችን ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ቀብር አስፈጽሞ ሲመለስ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ዓርባው አልፎ ወራሾች የሟችን ሣጥን ሲከፍቱ ሌላ ሥራ ይጀመራል። በድሬዳዋ አሮጌ ቤቶች፣ በከዚራም ይሁን በመጋላ፣ ከሣጥን ሥር አልፎ አልፎ የድሮ ሳንጃ ይወጣል። ወራሾቹ ወይ «የዓድዋ ምርኮ ነው» ብለው ይጣሉበታል፣ ወይ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጡታል። ሁለቱም ካለማወቅ የመጣ ነው።

ባለፈው ዓመት ካረፉ አባሎቻችን የአንዱ ልጆች አራት ሳንጃ አግኝተው ክፍፍሉ ላይ ስላልተስማሙ ኮሚቴው እንድናይላቸው ላከን። ዕድሜያችንን በንብረት ክፍል ጸሐፊነት ያሳለፍን በመሆናችን መዝግቦ መለየት የለመድነው ሥራ ነው። ቤተሰቡም ስማቸው ሳይነሣ ነገሩ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ስለፈቀዱልን እነሆ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ይህ ሁሉ የባዕድ ብረት ከተማችን ውስጥ ምን ይሠራል? ያልን እንደሆነ መልሱ ባቡር ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የመጣው በእሷ መጣ፣ የሄደውም በእሷ ሄደ። ጣሊያን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ገባ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር አስለቀቀው። ስለዚህ በአንድ ሣጥን የሚገኙ ሳንጃዎች የአንድ ጦርነት ናቸው ማለት አይቻልም። አራቱም የየራሳቸው አገርና ዘመን ነበራቸው።

አንደኛው ረጅሙ ነው፤ የውጅግራ ሳንጃ ይባላል። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ሲሆን፣ ግራ ጠመንጃውን የሠራው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። የሳንጃው ብረት 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ስለቱ በኩል ይቀጥናል፤ የባቡር ሐዲድ ራስ ያየ ሰው ቅርጹን አይስተውም። እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ጫፍ ናስ ነው። በጀርባው ላይ በእጅ ጽሕፈት መልክ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ይኸውም የተሠራበት ከተማ፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን ወይም ሻተልሮ፣ ከዚያም ወሩና ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በልጆቹ ሳንጃ ላይ 1877 የሚል ስለተጻፈ ታናሽየው «ከዓድዋ 11 ዓመት በፊት» ብሎ አስልቶ ነበር። ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1869 ወይም 1870 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንግዲህ ከባዕድ ብረት ላይ ዓመት ስታነቡ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ አትርሱ።

ደግሞስ የውጅግራ ሳንጃ የዓድዋ ምርኮ ይባላልን? አይባልም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ በገፍ ለሽያጭ ቀረበ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ አገራችን ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጅግራ የያዘው የእኛ ወገን ነው። ታዲያ ይህ ክብሩን ይቀንሰዋል? እንዲያውም ይጨምረዋል እንጂ! የተማረከ ሳይሆን የማረከ መሣሪያ ነው። የሌበል ሳንጃ ግን ሌላ ነው። እሱ ስለት የለውም፤ እንደ ወስፌ ቀጥ ያለና አራት ጠርዝ ያለው ለመውጋት ብቻ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው የጣሊያን ነው። ብረቱ አጠር ብሎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የጠመንጃው አፈሙዝ የሚገባበት ቀለበት አለው፣ እጀታው በሁለት ብሎን የተያያዘ እንጨት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው የካርካኖ ጠመንጃ ሳንጃ ነው። ቤተሰቡ «የዓድዋ» ይሉ የነበረው ይህንን ነው። ነገር ግን በዓድዋ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው ከዚያ የቀደመውን ቬተርሊ ነበር፤ የቬተርሊ ሳንጃ ሲሠራ ረጅም ነው፣ እንደ ውጅግራው ግማሽ ሜትር ያልፋል። አጭሩ የካርካኖ ሳንጃ በብዛት የመጣው በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ነው። ስለዚህ ምርኮ ከሆነም የአርበኞች ዘመን ምርኮ ነው ብንል ለእውነት እንቀርባለን።

ሦስተኛው የእንግሊዝ ነው። ብረቱ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእጀታው አጠገብ ዘውድ፣ ከዘውዱ በታች 1907 የሚል ቁጥር አለ። ይህም ሌላ ማሳሳቻ ነው፤ 1907 የሞዴሉ ስም እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። የተሠራበት ከሥሩ በትንንሽ ቁጥር ይገኛል። 5 እና 17 ቢል የፈረንጅ 1917 አምስተኛ ወር ማለት ነው። በሌላው ፊት የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ የቀስት ምልክት አለ። ቀስቱ «ዩ» በሚለው የላቲን ፊደል ውስጥ ከገባ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ንብረት ነበር ማለት ነው። በልጆቹ ሳንጃ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። እነዚያ ወታደሮች በዚህ ከተማ አልፈዋል፤ በከተማችን ያለው የጦር ሠራዊት መካነ መቃብርም ምስክር ነው። ስለሆነም ከአራቱ ውስጥ ከድሬዳዋ ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ይህ ዝገታሙ ሆኖ ተገኘ።

አራተኛው የአሜሪካ ነው። ብረቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው ጥቁር ሽንትር ያለው ፕላስቲክ፣ ምልክቱ የሚነድ ቦምብ ነው። ኤም ዋን ለሚባለው ጠመንጃ የተሠራ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ ወደ ኮሪያ ሲዘምት በእኛው ጣቢያ አልፏል። በኮሪያ የታጠቀውም ይህንኑ የአሜሪካ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም አሜሪካ ለጦር ሠራዊታችን ብዙ መሣሪያ ስለሰጠች ሳንጃው ብቻውን «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ብሎ አይመሰክርም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብረት የሚናገረው የት፣ መቼና በማን እንደተሠራ ነው። ማን እንደያዘው የሚናገረው ወረቀትና የሰው ምስክር ብቻ ነው። የልጆቹ አባት የውጅግራውን ሳንጃ በጨርቅ ሲጠቀልሉ የአያታቸውን ስምና የዘመቱበትን የጦር አለቃ ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው አብረው አስቀምጠው ነበር። ወረቀቱ የመኝታ ቤት ጽዳት ሲደረግ ከቆሻሻ ጋር ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ታላቅ እኅታቸው ናት ያዳነችው። ለእኛ ከአራቱም ሳንጃ የምትበልጠው ያቺ ወረቀት ናት።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የውጅግራ ሳንጃ ፈረንሳይ አገር እጅግ በብዛት የተሠራ ስለሆነ በውጭ ገበያ ውድ ከሚባሉት አይደለም። የእንግሊዙም እንዲሁ ነው። ዋጋ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሰገባው ጋር መሆኑ ነው። በሳንጃውና በሰገባው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ አብረው የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ሳንጃውን ለሌላው ሰገባውን መስጠት ሁለቱንም ማራከስ ነው። ሁለተኛ፣ ያልተነካ መሆኑ ነው። በሞረድ የተሳለ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ፣ በአመድና በሎሚ የታሸ ሳንጃ ምልክቱ ይጠፋል፤ ምልክቱ የጠፋ ደግሞ ቢላዋ ነው። በጨርቅ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀለል አድርጎ መቀባት ይበቃል። ሦስተኛው ከላይ ያልነው ነው፤ ታሪኩ ተጽፎ አብሮት መገኘቱ።

ለመሸጥ ለሚያስብም አንድ ነገር እናስታውስ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከልክሏል። ስለዚህ ለውጭ አገር ሰው ከመስጠት በፊት የባህልና ቅርስ ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይገባል። ከሳንጃው ጋር ጠመንጃ ወይም ጥይት ከተገኘ ግን ሳይነኩ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። እንደዚህ ያለው ዕቃ የት ሊደርስ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሐረር ወጥቶ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ይጎብኝ። የአንድ ሰው የግል ስብስብ ነበር፤ ዛሬ አገር ያየዋል።

ልጆቹ በመጨረሻ አራቱንም ሳይከፋፍሉ በታላቅ እኅታቸው ቤት አንድ ላይ ለማስቀመጥ ተስማሙ። እኛም ርዝመቱን፣ ምልክቱንና ቁጥሩን አንድ በአንድ መዝግበን፣ አንዱን ግልባጭ ለእነሱ ሰጥተን ሌላውን ከእድራችን መዝገብ ጋር አያይዘናል።

ስለዚህ አባሎቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ እናንተው በሕይወት ሳላችሁ ማን እንደያዘውና እንዴት እንደደረሳችሁ ጻፉበት። መጻፍ የማትችሉ ለልጅ ልጅ አጽፉ። ካስፈለገም በየወሩ ስብሰባ ቀን ይዛችሁት ሳይሆን ነግራችሁን ቤታችሁ ድረስ መጥተን እንመዘግብላችኋለን፤ ክፍያ የለውም። እድር ሰውን ይቀብራል፤ ታሪኩን አብሮ እንዳይቀብር መጠንቀቅ የሁላችንም ፋንታ ነው።

ለሞቱት ዕረፍት፣ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን።