ተገዢ፣ ዜጋ፣ ሰው

በሐረር ከተማ፣ በአቦከር መንገዶች ላይ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ሲነገር መስማት ለነዋሪው ብርቅ አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙ ይጠራዋል። መንግሥት ግን እነዚህን ጎረቤታሞች በየዘመኑ በጻፈው ሕግ ልዩ ልዩ ስም ሰጥቷቸዋል። ለመሆኑ ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፈረሙት የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን አርአያው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1889) ነበር። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልጅነታቸውን በከፊል ያሳለፉት በሐረር ነው። ለዘመኑ ምሁራን ጃፓን ዙፋኗን ሳትጥል የሠለጠነች፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ያሸነፈች ሀገር ነበረች። ይሁን እንጂ የሜጂ ሕግ መብት የሰጠው ለ«ሺንሚን»፣ ማለትም ለንጉሠ ነገሥቱ ተገዢዎች ነበር። የእኛም ሕግ ተወላጁን ሁሉ ተገዢ አለው፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ደነገገ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል ሆና ወደ ግዛቱ ለገባችው ሐረር፣ ስለ ቋንቋዋም ሆነ ስለ ሃይማኖቷ ያለው ነገር አልነበረም።

የአርአያይቱን ሀገር ታሪክ ያየ ሰው ይህ ዝምታ ወዴት እንደሚያደርስ ይረዳል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የዘር እኩልነት በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ እንዲገባ ጠየቀች። ከ17 ድምፅ 11 ብታገኝም ሁሉም አልተስማሙም ተብሎ ጥያቄዋ ወደቀ። ይህችው ጃፓን ግን ያን ጊዜ ኮሪያን በቅኝ ትገዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም በቶኪዮና በአካባቢዋ ኮሪያውያን በሐሰት ወሬ ተፈጁ።

ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ አሜሪካውያን ያዘጋጁት ረቂቅ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይል ነበር። በጃፓንኛ ሲጻፍ «ሰው» የሚለው ቀርቶ «ኮኩሚን»፣ የሀገሩ ዜጋ፣ የሚል ቃል ገባ፤ ስለ ውጭ ሀገር ሰዎች የተጻፈው አንቀጽም ወጣ። ሕገ መንግሥቱ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው በወጣ ደንብ በጃፓን የሚኖሩ ኮሪያውያን እንደ ባዕድ እንዲመዘገቡ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእኩልነቱ አንቀጽ መንፈስ ለውጭ ሰዎችም ይደርሳል ቢልም፣ በዚያው ምድር ተወልደው ያደጉ ብዙዎች ባዕድ እንደተባሉ ኖሩ።

በሐረርም በ1940 ዓ.ም. «ኩሉብ» በሚባለው እንቅስቃሴ ሰበብ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ሌሎችም ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። ያ ትዝታ በጁገል ቤቶች ገና አልደበዘዘም። የሐረሪ ክልል ሕገ መንግሥት ከ36ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 14ቱን ለሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ መለየቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐረሪ ያልሆነው ጎረቤት ደግሞ «የእኔስ ድርሻ?» ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እኩልነትን ሲደነግግ የመረጠው ስም «ሰው» ነው። ጃፓን የተወችውን ቃል እኛ ጽፈነዋል። ሁለቱን ጥያቄዎች፣ የተበደለውንም የጎረቤቱንም፣ አንድ ላይ የሚሸከም ሌላ ስም የለንም። በአቦከር መንገድ ላይ ጠዋት ሰላምታ የሚለዋወጡት ሰዎች ይህን ቃል ከሕጉ በፊት ያውቁት ነበር፤ የቀረው ሹሙም እንዲያውቀው ነው።