ከምጽዋ በእግሯ የወጣች መንገደኛ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ማታ ማታ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ማኅበራችን ለዘንድሮው መጽሔት ስለ መንገድ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ አሳቤ ከዚህ ዙሪያውን ከተዘጋ ውኃ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ጥንታዊቱ ምጽዋ ሄደ። ምክንያቱም አንዲት ሴት ብቻዋን ከዚያ ተነሥታ እስከ አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘችበትን መጽሐፍ በዚያው ሰሞን አንብቤ ስለ ነበረ ነው።

ሴቲቱ ደርቭላ መርፊ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1931 በአየርላንድ የተወለደች ስትሆን፣ ያረፈችው በ2022 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ በቢስክሌት በመጓዟ ስሟ ታውቆ ነበር። ወደ አገራችን የመጣችው በ1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣትም በልጅነቷ የሰማችው የንግሥተ ሳባና የቄስ ዮሐንስ ታሪክ መሆኑን ትናገራለች። ጉዞዋ በመጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በጭነት በቅሎ፣ በመጨረሻም አልሄድም ባይ በሆነ አህያ ነበር። አንድ ሺሕ ማይል፣ ማለትም 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። በመንገድም ሦስት ጊዜ መሣሪያ በያዙ ሰዎች ተዘርፋለች።

የተነሣችበትን ስፍራ ያለ ታሪኩ መመልከት አይቻልም። ምጽዋ የዛጎል ድንጋይ ከተማ ናት፤ ቤቶቿም ከዚያው ድንጋይ ተፈልጠው የተሠሩ ናቸው። ከ1549 ዓ.ም. ጀምሮ ቱርኮች፣ ኋላም ግብጾች፣ ከ1877 ዓ.ም. ወዲህ ኢጣልያኖች ተፈራርቀውባታል። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋልን መልእክተኞች ተከትሎ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የወረደው በዚህ በር ነው፤ በ1762 ዓ.ም. የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስም እንዲሁ። በአቅራቢያዋ ያለችው የሕርጊጎ መንደር ደግሞ የናይቦቹ መቀመጫ ስለ ነበረች፣ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ ያለ እነርሱ ፈቃድ አያልፍም ነበር። ብሩስ ይህን በሚገባ ቀምሶታል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን የምጽዋ ትልቁ ጥያቄ የውኃ ጥያቄ ነው። ደሴቲቱ ምንጭ የላትም። የሚጠጣው ውኃ ከየብስ፣ ከምንኩሉ ሰፈር በሴቶች ጀርባ እየተጫነ ይመጣ ነበር። በግብጾች ዘመን ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኘውን ግድብ መንገድ ሲያሠራ ከምንኩሉ የውኃ መስመርም አስዘረጋ። መጻሕፍት ሙንዚንገርን በስም ያነሡታል። ከእርሱ በፊት ከተማይቱን በጀርባቸው ያጠጡትን ሴቶች ስም ግን አንድም ቦታ ጽፎ ያገኘሁት ሰው የለም። ይህን ያነሣሁበትን ምክንያት ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ ዳገቱን ለማሸነፍ የተደረገ ነው። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደር የነበረውን የኢጣልያ ጦር ከደመሰሱ በኋላ ኢጣልያኖች ጦር በፍጥነት ለማመላለስ ሲሉ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1880 ዓ.ም. ሰሃጢ ደረሱ። ሐዲዱ አሥመራ ለመግባት ግን እስከ 1904 ዓ.ም. ቆየ። ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ከጥቂት በላይ ለሆነ መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ከፈጀ፣ ተራራው ምን ያህል እንደ ተከራከራቸው ልብ ማለት ነው። ይህም አልበቃ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1937 72 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቴሌፌሪካ ተዘረጋ፤ በጊዜው በዓለም ረጅሙ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች አፈራርሰው ወሰዱት። ብዙ ልፋት የተደረገበት ሥራ እንዲህ በአንድ ትእዛዝ ሲነቀል ማንበብ ለሙያ ባልደረባ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው።

እንግዲህ ያቺ አየርላንዳዊት ከመርከብ ወርዳ ይህን ዳገት በእግሯ ጀመረችው። ምጽዋ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ግን ኤርትራ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ነጻ አገር በመሆኗ የዚያ አገር ወደብ ናት። ከደጋው በኋላ መንገዷ ወደ ትግራይ፣ ወደ አክሱም፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ አመራ። መቀሌ ላይ በልዕልት አይዳ ደስታና በባለቤታቸው በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም እርዳታ በቅሎ አገኘች፤ ስሙንም ጆክ አለችው። እዚህ ላይ የሐዋሳ አንባቢ ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው እኒሁ ራስ መንገሻ ናቸውና። ትግራይን ሲያስተዳድሩ ቡልዶዘር ራሳቸው እየነዱ መንገድ ያስጠርጉ የነበሩ ሰው፣ መንገድ የሌለበትን አገር ካልሄድሁ ላለች ሴት የጭነት በቅሎ ማስፈለጋቸው በበኩሌ ፈገግ አሰኝቶኛል።

መንገድ በሌለበት እንዴት ሄደች? የአገራችን መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ ብቻውን አይሄድም። የሲራራ ነጋዴ ቁጥሩ እስኪበዛ ይጠብቃል፤ ሌላውም የመንገድ ባልንጀራ ይፈልጋል። ብቻውን የቀረ ደግሞ ሲመሽበት በሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እሳቱ አጠገብ ቦታ ይለቃል። እርሷም በየደጋው ጎጆ ያደረችው በዚህ ልማድ ነው። እኛ የመንገድን ችሎታ በጭነትና በተሽከርካሪ ቁጥር እንለካለን። ይህን የማሳደር ልማድ ግን በየትኛውም የጥናት ሰነድ ውስጥ አስገብተነው አናውቅም። ያለ እርሱ ሦስቱ ዝርፊያ ሠላሳ በሆነ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ አድናቆቴን በልክ ማድረግ እወዳለሁ። የውጭ አገር ዜጋ ነበረች፤ የመሳፍንት ቤት ድጋፍ ነበራት፤ ተመልሳ የምትጽፈው መጽሐፍም ነበራት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። በዚያው ዳገት ማገዶና እንስራ ተሸክመው፣ አንዳንዶቹም ልጅ አዝለው የወጡ የወረዱ እናቶች አልጻፉም፤ ማንም አልጻፈላቸውም። የምንኩሉን ውኃ ቀጂዎች ያነሣሁት ስለዚህ ነው። ዛሬም ጎሕ ሳይቀድ ቆጮና ወተት ይዘው ከገጠር ወደ ሐዋሳ ገበያ በእግራቸው የሚገቡትን ሴቶች «ብቻቸውን ተጓዙ» ብሎ የሚደነቅ የለም። ለእነርሱ ጉዞ ሳይሆን የዕለት ሥራ ነው። ከመንገዱ ዳር የእግረኛ መሄጃ ሳንተው አስፋልቱን ስናሰፋ በጨለማ ወደ መኪናው ጎማ የምንገፋቸውም እነርሱን ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈረምሁበት አንድ ንድፍ ላይ የእግረኛው መሄጃ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተሰርዟል፤ የሰረዘውም የእኔው እጅ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ወጣት ቀያሽ አለች። ባለፈው ዓመት ለብቻዋ ወደ ገጠር ቅየሳ ትላክ ወይስ ከወንድ ባልደረባ ጋር በሚል ግማሽ ቀን የፈጀ ስብሰባ አደረግን። በመጨረሻ እርሷ ራሷ «እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ብትነሣ ሁላችንም አፈርን። ሄደች፤ ሥራዋንም በጊዜው ጨርሳ ተመለሰች። የደርቭላ መርፊን መጽሐፍ ያዋስኋት ከዚያ በኋላ ነው። ስትመልስልኝ ስለ ሽፍቶቹ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን «በቅሎው ዳገት ላይ ስንት ኪሎ ነበር የሚጫነው?» አለችኝ።