ግብር፥ ዋጋና ቁራሽ
በዋና ከተማ ስለ መብላት የተጻፈ

ወደ አዲስ ዓለም ኮረብታ የወጣ ሰው ሁሉ ይህች ከተማ ለንጉሥ ማዕድ ታስባ እንደ ነበረች ያስታውሳል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዋና ከተማ ሊያቆሙ የተነሡት፥ ስፍራው ስላማራቸው ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ ማገዶ ስለ ጠፋ ነው። በሺህ የሚቈጠር ሠራዊትና አገልጋይ እንጀራ ይሻል፤ እንጀራም ምጣድ፥ ምጣድም እሳት፥ እሳትም እንጨት ይሻል። የእንጦጦ ደን ግን ተመናምኖ ነበር። ኋላ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አድጎ አዲስ አበባን ከመፈታት አዳናት፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የሁለቱ ከተሞች ዕድል የተቈረጠው በማጀት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በታላቅ ከተማ፥ ኪሱ የሞላውም ባዶ የሆነውም ሰው የት ይበላል?

በአገራችን ልማድ መንገደኛ እንጀራ አይገዛም ነበር። የመሸበት ሰው «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ ካለው ያቀርብለታል። ይህ ልማድ እንግዳ አልፎ አልፎ በሚመጣበት የገጠር መንደር የጸና ነው። በዋና ከተማ ግን ከነዋሪው ብዙው ራሱ እንግዳ ስለ ሆነ፥ አስተናጋጁ አንሶ ተስተናጋጁ በዛ። ስለዚህ ሌላ ማዕድ አስፈለገ።

የመጀመሪያው ማዕድ ግብር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በተሠራው አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው በየተራው ይበላ ነበር። አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ውስጥ ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ሹሙ እንደ ማዕርጉ ይገባል፤ ወታደሩና ድኻው ይከተላል። ብርንዶውም ጠጁም ያለ ገንዘብ ይቀርባል።

ነገር ግን ቃሉን እንደ ቅኔ እንፍታው። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ፥ ግብርም ሥራ ማለት ነው። በአማርኛችን ገባሩ የሚያስገባው እህልና ማር፥ በግና ሰንጋ ግብር ይባላል፤ ንጉሥ የሚያበላውም ግብዣ ግብር ይባላል። ሰሙ የንጉሥ ቸርነት ነው፤ ወርቁ የገባሩ ላብ ነው። ከአዳራሹ የገባ ሁሉ በነጻ በላ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ከአዳራሹ ርቆ በእርሻው ላይ የዋለው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ማዕድ የዋጋ ማዕድ ነው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እንደሚነገረው፥ መኳንንቱ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ውርደት ቈጥረው በመጀመሪያ ራቁ፤ ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከሆቴሉ በልተው ሒሳቡን በመክፈል አርኣያ ሆኑ። ይህ ነገር ጨዋታ ቢመስልም ታላቅ ለውጥ ነው። በዋጋ ማዕድ ፊት መጋረጃ የለም፤ ማዕርግም አይጠየቅም፤ የከፈለ ይበላል። ያልከፈለም አይበላም።

ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ እንግዳው በዛ፤ ግሪኮችና አርመኖችም መብል ቤትና መጠጥ ቤት ከፈቱ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ መኮረኒና የጣልያን ወጥ በከተማው ተለመደ። ሉካንዳ የሚለውም ቃል በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ የሥጋ መሸጫ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ባለጸጋው በታላላቅ ሆቴሎች፥ ደመወዝተኛው በምግብ ቤት ሽሮና በያይነቱ፥ የቀን ሠራተኛው ከጉሊት ንፍሮና አምባሻ ገዝቶ ይበላል። በያይነቱን ሁለት ሰዎች ለአንድ ሲካፈሉት፥ የጾም ማዕድ ድኻውን እንደሚረዳ ይታያል።

ሦስተኛው ማዕድ ቁራሽ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ የሚለምነው፥ ነዳያንም በሰንበቴና በዝክር ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚቀበሉት ነው። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁበት ቀን ይህን ተምሬአለሁ። ስሙን ከማልጠራው አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ፥ ሳንቲሜ ለሽሮ እንደማይበቃ ባለቤቱ አይቶ በሰው ፊት ከወንበር አስነሣኝ። አፍሬ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቀመጥ፥ ንፍሮ የምትሸጥ አንዲት እናት ጠርታ በእፍኟ ሰፍራ ሰጠችኝ። ያለኝን ሳንቲም ብዘረጋላት «ለማታ ያዘው፥ ልጄ» አለችኝ። ሰውዬውን ዛሬ አልወቅሰውም፤ እርሱም ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ነበር። ነገር ግን ከሁለቱ የትኛው ማዕድ እንዳጠገበኝ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሦስቱን ስናመዛዝን፥ ግብር ብዙ ሰው ያጠግባል፥ ገባሩን ግን ያስርባል። ዋጋ ሰውን ያስተካክላል፥ ሳንቲም የሌለውን ግን ከደጅ ይመልሳል። ቁራሽ ማንንም አይመልስም፥ ነገር ግን በሰጪው ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ልብ ከደነደነ አኩፋዳው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ያ የግብር አዳራሽ ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ፓርክ ውስጥ ለጎብኚ ተከፍቶአል፤ ያለ ገንዘብ ይበላበት ወደ ነበረው ቤት ዛሬ የሚገባው የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎ ነው። የጣይቱም ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎዳ። ቤት ይነዳል፥ ማዕርግም ያልፋል፤ የሰው ረኀብ ግን በየማለዳው አዲስ ነው።

ስለዚህ፥ ወደ ከተማ ወርዳችሁ ምሳችሁን የምትገዙ ሁሉ፥ ሒሳባችሁን ከከፈላችሁ በኋላ ከደጅ ማን እንደ ቆመ ተመልከቱ። ምናልባት ከአዲስ ዓለም ወይም ከአምቦ በእግሩ የመጣ፥ መሽቶበት የቆመ የእግዚአብሔር እንግዳ ይሆናል። ነግ በኔ ማለት ይህ ነው።