ሳፊርና የቢሾፍቱ ስስ አየር

ስለ አየር ኃይላችን ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ጄቱ ነው። እኔን የምትገርመኝ ግን ሳፊር ናት፤ ስዊድን ሠራሽ፣ ባለ ፒስተን ማሠልጠኛ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ዓ.ም. ተጨማሪ ነዳጅ ጭኖ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ አንዴም ሳያርፍ አበረራት። ወደ 31 ሰዓት!

ለኔ ግን ከዚህ የሚከብደው ዕጩ አብራሪዎቹ ቢሾፍቱ ላይ በየቀኑ ያደርጉት የነበረው ነው። 145 የፈረስ ጉልበት የሚባለው በባሕር ወለል ነው። 1,900 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛው ገደማ የለም፤ ክንፏም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ቀትር ላይማ መንደርደሩ አያልቅም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ ባለ ፒስተን አውሮፕላን ደጋ ላይ ስማር፣ ነዳጁን ለስሱ አየር ሳልመጥን ልነሳ ስል አስተማሪዬ «አታፍናት እንጂ!» ብሎ እጄን ያዘኝ።