የድንገተኛ ክፍል ደጅ፦ በዋግ ኽምራ ሕሙማንና አጃቢዎቻቸው ሐኪሞችን ስለሚይዙበት ጠባይ

ሐኪም ሕሙሙን በምን ዓይነት ርኅራኄ ሊይዘው እንደሚገባ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል፤ ሕሙሙና ይዘውት የመጡት ዘመዶቹ በበኩላቸው ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛውንና ዘበኛውን እንዴት ሊይዙ እንደሚገባ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተዘረጋው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዐበይት ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ማቆሙ የሚመሰገን ቢሆንም፣ አክብሮት በሁለት ወገን የሚጸና ኪዳን እንደ መሆኑ መጠን፣ ሁለተኛው ወገን ለዚህ ኪዳን ሳይጠራ ቀርቷል። ጉዳቱም የሚናቅ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ተቋማት በሚያገለግሉ ነርሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት ከመቶው ሠላሳ የሚሆኑት በሥራቸው ላይ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ሲናገሩ፣ በጎንደር በጤና ባለሙያዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ደግሞ ቍጥሩ ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚሁ ጥናት በድንገተኛ ክፍል ማገልገል ለጥቃት ይበልጥ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው።

የዚህን ነገር ሥር ለመመርመር ከዋግ ኽምራ የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ከደሃናና ከጋዝጊብላ ደጋ፣ ወይም በተከዜ ሸለቆ ካሉት ከዝቋላ፣ ከሳህላና ከአበርገሌ ቆላ፣ በጽኑ የታመመ ሰው ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚደርሰው፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ሁሉ ጎረምሶች እየተቀባበሉ በቃሬዛ ተሸክመውት፣ ብዙ ጊዜም ጠበሉ ከተሞከረና ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ሪፈር ከተጻፈለት በኋላ ነው። ስለዚህ በሆስፒታሉ ደጅ የሚቆመው አንድ ሕሙም ብቻ ሳይሆን፣ ጉልበቱንም ስንቁንም የጨረሰ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ፣ ለወገኑ ነፍስ የተማለለ አንድ መንደር ነው፤ ይህ መንደርም የከፈለው ድካም ብቻውን ቀዳሚ ሊያደርገው እንደሚገባ በልቡ ያምናል።

ነገር ግን በዚያ ደጅ የሚጠብቀው ሥርዓት ሌላ ነው። የናፖሌዎን ሠራዊት የቀዶ ሕክምና ሊቅ የነበረው ዶሚኒክ ላሬ ቍስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቍስላቸው ክብደት ተለይተው እንዲታከሙ ሥርዓት ካቆመ ወዲህ፣ ትሪያጅ የሚባለው አሠራር በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል፤ በአገራችንም በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ በኋላ ይበልጥ ሥር ሰዷል። በዚህ ሥርዓት መሠረት ቀይ ምልክት የተሰጠው በመጨረሻ ቢመጣም አስቀድሞ ይገባል፤ አረንጓዴ የተሰጠው በማለዳ ቢመጣም ይቆያል። አረጋዊውን ማስቀደም፣ ካህኑን ማክበር፣ አለዚያም የመጡበትን ተራ መጠበቅ ጨዋነት መሆኑን ከሕፃንነቱ ለተማረ ሰው፣ ስሙ ያልተጠራለት አባቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ኋላ የመጣ ጎልማሳ ሲገባ ማየት ንቀት እንጂ ጥበብ አይመስለውም። ያልተነገረው ሰው ሊያውቀው አይችልምና፣ ቍጣው በዚህ ይጀምራል።

ቍጣውም ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። ሐኪሙ «ዶክተር» እየተባለ በትሕትና ሲለመን፣ ስድቡና ግፊያው የሚያርፈው በወጣቷ ነርስ፣ በካርድ ጸሐፊውና በዘበኛው ላይ ነው። ሽማግሌው በልጁ ዕድሜ ያለችውን ነርስ «አንቺ» ብሎ ሲቈጣት እርሱ ተግሣጽ እንደ ሰጠ ይቈጥረዋል፤ እርሷ ግን በሙያዋ ቆማ ሳለች እንደ ተዘለፈች ታውቀዋለች፣ ፍርዱም ከእርሷ ጋር ነው። በዚህ ላይ የአገሩን ቋንቋ ኽምጥኛን ብቻ የምትናገር እናት ሕመሟን በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅታት፣ በመንገድ የተገኘ ሰው አስተርጓሚ ይሆናል፤ ምሥጢሯ በባዕድ አፍ ሲገለጥም ኀፍረቷ ወደ ምሬት ይለወጣል። የጤና መድን መዋጮውን የከፈለ ገበሬ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል የሚሰማውን ክሕደት ደግሞ ሰሚ ሁሉ ይረዳዋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነት በምሥራቅ አማራ ያሉትን ብዙ የጤና ተቋማት አዘርፎ፣ ሰቆጣንም በተፈናቃይ ከሞላ ወዲህ፣ የጐደለው በዝቷል። ሆኖም መድኃኒቱን ያጐደለችው ነርሷ አይደለችም።

ከሁሉ የሚከፋው የሞት ሰዓት ነው። በሀገራችን ወግ መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ በማለዳ ይረዳል፣ ያዘነውም ወድቆ ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ይቆማል። በድንገተኛ ክፍል ግን እኩለ ሌሊት ላይ፣ በመተላለፊያው ቆሞ፣ ሌላ ቀይ ሕሙም የሚጠብቀው ወጣት ሐኪም በሁለት ዐረፍተ ነገር ያረዳል። ያን ጊዜ የሚነሣው ጩኸት፣ የሚሰበረው መስኮት፣ በሐኪሙ ላይ የሚነሣው እጅ፣ ወግ ያልተሰጠው ኀዘን መውጫ ነው። ይህን የምለው ጥቃቱን ለማጽደቅ አይደለም፤ ሐኪምን የሚመታ እጅ በዚያው ሌሊት ሊድን ይችል የነበረውን ሌላ ሕሙም ይመታል፣ ምክንያቱ ኀዘን ቢሆንም በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን ዘበኛ ማብዛትና ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻውን፣ ማንበብ ለማይችል አጃቢ፣ መድኅን አይሆንም።

ትምህርቱስ ከወዴት ይምጣ? ቤተ ክርስቲያናችን በቀኖናዋ የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ይህም በደብሩ ዐውደ ምሕረት ቢሰበክ ለዋግ ሕዝብ ባዕድ ትምህርት አይሆንም። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ሕዝብን በየቀበሌው ሰብስቦ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። እንግዲህ የዞኑ ጤና መምሪያና የሆስፒታሉ ቦርድ ሦስት ነገር ቢያደርጉ እለምናለሁ፦ አማርኛና ኽምጥኛ የሚችል፣ የትሪያጁን ሥርዓት ለእያንዳንዱ አጃቢ በቃል የሚያስረዳ፣ ዕድሜው የበሰለ ሰው ቀንና ሌሊት በደጁ ያቁሙ፤ ለመርዶ የሚሆን አንዲት ክፍል ይለዩ፣ ሐኪሙም ሲያረዳ ሽማግሌ ወይም ካህን አብሮት ይቁም፤ የተሰደበች ወይም የተመታች ነርስም አቤቱታዋ በመዝገብ ሰፍሮ ፍርድ ታግኝ። ወገኑን ተሸክሞ ወደዚያ ደጅ የሚመጣ ሁሉም በአጠገቡ ላለችው ነርስ ለገዛ እኅቱ የማይናገረውን ቃል አይናገራት።